የባሬ ሻይ ቤት ግድግዳ

ዋሊድ ሀርጌሳ የገባው ሁለት ሻንጣና አንድ ሐሳብ ይዞ ነበር። ሻንጣዎቹን የአየር ማረፊያው ፈታሽ ከፍቶ እያንዳንዱን ካልሲ አገላብጦ አየ። ሐሳቡን ግን የፈተሸው ሰው ስላልነበረ ሳይቀረጥ አለፈ። ኋላ ለደረሰው ነገር የሚፈረድበት ሰው ከተፈለገ ከዚያ ፈታሽ መጀመር ይቻላል።

ሐሳቡ ይህ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ በግ ከሰው በሚበዛበት አንድ ወረዳ የቅርስ እንክብካቤ ሲማር፣ ቅዳሜና እሁድ በአንድ የገጠር መጠጥ ቤት ይሠራ ነበር፤ አገሬው ፐብ በሚለው። ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ረጅም ሰው አጎንብሶ የሚገባበት፣ ምድጃው ክረምት ከበጋ የሚነድበት፣ ገበሬው ከሐኪሙ፣ ሐኪሙ ከቄሱ፣ ቄሱ ከገበሬው ውሻ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚያመሽበት ቤት ነበር። ዋሊድ ቢራውን አልቀመሰም። የቀመሰው ሌላውን ነው፤ ሰዎች ያለ ቀጠሮና ያለ ጉዳይ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸውን። ቤቱ ሊዘጋ ሲል መንደርተኛው በየተራ ቀለም እየቀባና ጣሪያ ላይ እየወጣ ሲያድነው አየ። ያን ቀን ዕንባው መጣ። ሌላው ሰው እዚያ ቤት የሚያለቅሰው ሲሰክር ነው። እሱ ሳይጠጣ ስላለቀሰ ስካሩ የሚበርድለት አልሆነም።

ቢራ በተከለከለበት አገር ፐብ እከፍታለሁ የሚል ሰው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ምን ልትሸጥ ነው፣ ለማንስ ነው? ለመጀመሪያው መልስ ነበረው። በግመል ወተት የፈላ ሻይ፣ ሩዝና የፍየል ሥጋ። ለሁለተኛው "ለማኅበረሰቡ" ይል ነበር። ማኅበረሰቡን ገና አልተዋወቀውም።

አገሬ የሚለው ቃል ራሱ ምላሱ ላይ አልለሰለሰም። የተወለደው ቤተሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ በገባበት በአዲስ አበባ ነው። ፊደል የቆጠረው በአማርኛ፣ ዲግሪ የጫነው በእንግሊዝኛ ነው። ሶማልኛው እናቱ ስትቆጣ የምትናገረው ዓይነት ብቻ ስለነበር፣ ሀርጌሳ ገበያ ቲማቲም ሲገዛ ሻጮቹ ምን በድለነው ነው ይሉ ነበር። ጠዋት ሲነሳ እዚህ ምን እሠራለሁ ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያስ ምን እሠራ ነበር ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲሰጡት ጥሩ ነው፤ ቢያንስ የሚወዛወዘው ከአንድ ጣሪያ ሥር ይሆናል።

ቤቱን የሰጠችው የአባቱ እህት አርዶ ናት። ኤዶ ይላታል፤ በሶማልኛ የአባት እህት እንዲህ ትጠራለች። እሷም አዲስ አበባ ብዙ ስለኖረች፣ ልትቆጣው ስትፈልግ በደንብ እንዲገባው አማርኛ ትናገረዋለች።

ከሀርጌሳ ወጥቶ፣ በከተማው ጫፍ ያለውን የአያሃ ሰፈር የመጨረሻ ቆርቆሮ ቤቶች አልፎ፣ ግማሽ ቀን በአቧራ ተጉዞ የሚደረስበት፣ ከብት የጫኑ መኪኖች የሚያልፉበት ሜዳ ላይ አያቱ ባሬ የሠሩት የድንጋይ ሻይ ቤት ነበር። አያት ባሬ ከሩቅ የመጡ፣ በአካባቢው ዘመድ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ቤቱ ተዘግቶ ጣሪያው ግማሽ በግማሽ ወድቋል።

"የአጎትህ ልጅ ሀርቢ የሲሚንቶ መጋዘን ላድርገው እያለኝ ነው" አለችው አርዶ። "እኔ ደግሞ የአባቴ ቤት ሲሚንቶ ከሚተኛበት ሰው ቢቀመጥበት እወዳለሁ። ከአረፋ በኋላ ቤተሰቡ እዚያ ይሰበሰባል። ያን ቀን ቤቱ ሰው የሚገባበት ከሆነ ያንተ ነው። ባዶውን ካገኘሁት ቁልፉን ለሀርቢ እሰጣለሁ፣ አንተም ወደ በጎችህ ትመለሳለህ።"

ዋሊድ ወደ በጎቹ መመለስ አልፈለገም። ይህ በሕይወቱ እርግጠኛ ከሆነባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር።

ለሥራው ከሼክ ኑር ሰፈር ክፍሌ የሚባል ግንበኛ አመጣ። ክፍሌ ከጎጃም መጥቶ ሀርጌሳ ውስጥ የብዙ ባለጠጎችን አጥር የሠራ፣ ሥራም ወሬም የማያልቅበት ሰው ነው። ለማዕድ ቤቱ ሸዋዬን ቀጠረ። ሸዋዬ በሰው ቤት ስታበስል ኖራ "ከእንግዲህ የማበስለው እኔ በማዝበት ማዕድ ቤት ብቻ ነው" ብላ የወጣች፣ አፏም ቢላዋዋም የሰላ ሴት ናት። የገበያ ሶማልኛዋ ከዋሊድ ይሻል ነበር፤ እሷ ሳትቆጣም መናገር ትችላለች።

ጣሪያው ተጠገነ። በሮቹ ተቀቡ። ቤቱ ሁለት በር፣ ሁለት ክፍል፣ በመሀሉ አንድ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነበረው። ከኋላ ያለው ማዕድ ቤት አንድ ሲሆን ወደ እያንዳንዱ ክፍል ሻይ የሚያልፍባት አንዳንድ ትንሽ መስኮት አለችው። የመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ ሻይ ከመፍላቱ ሰው መምጣት ጀመረ። ዋሊድ በራሱ ሥራ ተደነቀ።

ከዚያ አዳመጠ።

በላይኛው ክፍል ከላይኛው የውሃ ጉድጓድ የሚመጡ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ትልቃቸው ሽማግሌው ቡራሌ ናቸው። በታችኛው ክፍል ከታችኛው ጉድጓድ የሚመጡት ይቀመጣሉ፤ ትልቃቸው ሽማግሌው ዋይስ ናቸው። ቡራሌ ሻያቸውን ፉት ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አንተ ግድግዳ" አሉ ጮክ ብለው፣ "ሀርጌሳ የፍየል ዋጋ ወድቋል። ለሚመለከተው ንገር።"

ከወዲያ በኩል የዋይስ ድምፅ መጣ። "ግድግዳው ሆይ፣ ፍየል ሲከሳ ዋጋው ይወድቃል። የኛዎቹ አልከሱም በልልኝ።"

"ግድግዳ፣ ያልከሱት ሳር ስላገኙ አይደለም በል። የኛን ሳር ስላገኙ ነው።"

ሁለቱም ክፍል ሳቀ። ሸዋዬ በሁለቱ መስኮቶች መሀል ቆማ ሻይ ስትቀዳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወሬው እንዲህ ቀጠለ፤ የዝናቡ፣ የመንገዱ፣ የሠርጉ፣ የወደብ ነጋዴው። አንዱም ቃል ለሰው አልተነገረም። ሁሉም ለግድግዳው ነበር።

ዋሊድ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አርዶ ጋ ደወለ።

"ኤዶ፣ እነዚህ ሰዎች ከድንጋይ ጋር ነው የሚያወሩት።"

"አዎ። ድሮም እንደዚያ ነው።"

"ለምን እንደ ሰው ፊት ለፊት አይነጋገሩም?"

"ከላይኛው ጉድጓድ አንድ ሰው ሞቶ ነበር፣ በታችኛዎቹ እጅ። የደም ካሳ ግመሎች ተነዱ። አንዷ ግመል መንገድ ላይ ሞተች። ተከፍላለች ወይስ አልተከፈለችም? ነገሩ ይኸው ነው።"

"መቼ ነው ይሄ የሆነው?"

"እኔ ልጅ ሆኜ።"

"ኤዶ፣ ያቺ ግመል ያኔ ባትሞት እስካሁን በእርጅና ትሞት ነበር እኮ።"

"ይህን ለነሱ እንዳትላቸው" አለች አርዶ። "ስማኝ። ከተያዩ ሰላምታ አለ። ሙስሊም ሆነህ ሰላምታ አለመመለስ ኃጢአት ነው። ከመለስክ ደግሞ ነገሩን ተውኩት ማለት ነው፤ የሞተችው ግመል ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ ባይተያዩ ይሻላል። ግን ሻይ መጠጣት፣ ወሬ መስማት አለባቸው። አባቴ ያንን ግድግዳ የሠራው ለዚህ ነው። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ አካባቢ ጥይት አልተተኮሰም።"

ከዚህ በላይ በግልጽ የተነገረው ሰው የለም። ዋሊድም በደንብ ሰማ። የሰማውን ግን በአንድ የሴሚናር አዳራሽ በኩል አሳልፎ ነበር የሚያስገባው። ግመልና ሰላምታ ሆኖ የገባው ነገር "መለያየት" ሆኖ ወጣ። ገበሬውንና ሐኪሙን፣ ቄሱንና ውሻውን አስታወሰ። እዚያ ግድግዳ አልነበረም። ስለዚህ እነሱ የተስማሙት ግድግዳ ስላልነበረ ነው አለ በልቡ። ውሻው ከቄሱ ጋር የደም ጉዳይ እንዳልነበረው አላሰበም።

በማግስቱ ሀርጌሳ ገብቶ ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር ውስጥ ወዳለ የአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ቢሮ ድጋፍ ሊጠይቅ ሄደ። ናስራ የምትባል የፕሮጀክት ኦፊሰር ተቀበለችው። ጂግጂጋ የተማረች፣ አማርኛዋ የሚንቆረቆር፣ ፈጣን ሴት ናት።

"በሁለት ጎሳ መሀል የቆመ ግድግዳ ላፈርስ ነው" አላት።

ናስራ ብዕሯን አስቀመጠች። "በምሳሌ ነው ወይስ የእውነት ግድግዳ ነው?"

"የእውነት ነው። ድንጋይ ነው።"

"ማሻአላህ" አለች በቀስታ። "እኛ እስከዛሬ የሠራነው ዎርክሾፕ ብቻ ነው። ዎርክሾፕ ደግሞ ፎቶ አይወጣለትም፤ ሰዎች ተቀምጠው ማዛጋት ብቻ ነው። ቢፎርና አፍተር፣ የበፊትና የኋላ ፎቶ ይኖረዋል?"

"ይኖረዋል።"

"ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል?"

"ሲያዩት ይስማማሉ።"

ናስራ ይህንን መልስ ከብዙ ሰው ሰምታ የምታውቀው ስለነበር ሳታመነታ ተቀበለችው።

ክፍሌ መዶሻውን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። "አለቃ፣ ይሄን ማፍረስ ቀላል ነው። ግን ለምንድን ነው?"

"ሰዎቹ እንዲገናኙ።"

"ጠይቀውሃል?"

"ጋሽ ክፍሌ፣ ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነገር ብቻ ነው።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለ ክፍሌ። ልክ መሆኑና አለመሆኑ ግድም አልሰጠው፤ ማፍረስ ከመሥራት ይልቅ ሁልጊዜ ያዝናናዋል። እስከ እኩለ ቀን ግድግዳው መሬት ላይ ነበር። በድንጋዩም ዋሊድ ባዘዘው መሠረት በአንዱ ጥግ ትልቅ የእሳት ምድጃ ተሠራ።

"ምን ሊበስልበት ነው?" ብላ ጠየቀች ሸዋዬ።

"ምንም። ሰዎች ከበውት እንዲቀመጡ ነው።"

"በዚህ ሙቀት?"

"ማታ ይበርዳል።"

"ማታ እኮ ሰው አይመጣም።"

"ያኔ ይመጣል፣ እትዬ ሸዋዬ።"

ሸዋዬ ምድጃውን፣ ከዚያም ዋሊድን አየች። "ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ነው የተማርከው?" አለችው፤ መልሱን ግን ሳትጠብቅ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ጠዋት ቡራሌ በላይኛው በር ገቡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ክፍሉ ማለቅ ባለበት ቦታ ላይ ይቀጥላል። በዚያው ቅጽበት ዋይስ በታችኛው በር ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ማን የበለጠ እንዳረጀ ሁለቱም የመዘኑ ይመስላሉ። ከዚያ ቡራሌ ሽርጣቸውን ሰብስበው ፊታቸውን በሻላቸው ሸፈኑ። ዋይስ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው አዲሱን ምድጃ ልክ የአምልኮ ነገር እንደሆነ ሁሉ በጥልቀት መመርመር ጀመሩ። ማንም ሰላም አላለም። ሰላም ያላለ ሰው ደግሞ መቀመጥ አይችልም። ሸዋዬ ሁለት ሻይ ይዛ መጥታ የምታስቀምጥበት ጠፋት። ሁለቱም በመጡበት በር፣ አንዱ ፊቱን እንደሸፈነ ሌላው ወደኋላ እየተራመደ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም።

ዋሊድ ሰበቡን ፈለገ። መጀመሪያ ጥፋቱ የምልክት ሰሌዳው ነው አለ። ሰሌዳው ላይ ባርኔጣ ያደረገች ግመል አስሎ በሰንሰለት በሩ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ በእንግሊዝ አገር የገጠር ፐብ ሁሉ እንዲህ ያለ ሥዕል አለው። አንድ የመኪና ሹፌር አይቶት "ቢራ ቤት ነው እንዴ?" ስላለ ወሬው ሳይሰራጭ አይቀርም ብሎ አወረደው። ማንም አልመጣም። ከዚያ ሻዩ ይሆናል አለና ሸዋዬን ቅመም እንድትጨምር ጠየቃት። "ሻዬን የሚነካ ሰው በራሱ ምድጃ ያፍላ" አለችው። ከዚያ ወንበሮቹን አገላበጠ። አንድ ነገር ብቻ አልጠረጠረም፤ ወይም ጠርጥሮት ሌሊት ሌሊት ብቻ ያስበው ነበር።

አረፋ እየቀረበ ነበር። ሀርቢ አንድ ቀን በመኪና መጥቶ ባዶውን ክፍል በክንዱ ለካ። "በመሀል ግድግዳ ስለሌለ በጣም ብዙ ሲሚንቶ ይይዛል" አለው። "ስላፈረስክልኝ አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ።"

ናስራም ደወለች። "ቢፎሩ ደርሶኛል። አፍተሩስ?"

"ሰዎቹ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ።"

"ገንዘብ የሚሰጡን ዶነሮች ግን ጊዜ የላቸውም። ነገ ከካሜራ ጋር እመጣለሁ። የሁለቱ ወገን ሰዎች አብረው ተቀምጠው ብቻ ይሁን።"

ዋሊድ እምቢ ማለት ይችል ነበር። "እሺ" አለ። ከዚያ ክፍሌን ጠራ።

በማግስቱ ክፍሌ ከአያሃና ከሼክ ኑር ያሰባሰባቸውን የቀን ሠራተኞች ይዞ ደረሰ። ሁሉም ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር የመጡ ናቸው። ዋሊድ ሽርጥና የሽማግሌ በትር አደላቸው። አንዱ ሽርጡን በቀበቶ አሰረው። ክፍሌ ጢሙን በሂና አቅልቶ ስለመጣ ከሁሉም በላይ ሽማግሌ መስሏል።

"አለቃ፣ እኔ የላይኛው ነኝ የታችኛው?"

"የላይኛው።"

"የላይኛዎቹ ገዳይ ናቸው የሟች ወገን?"

"የሟች ወገን።"

"እንግዲያው ፊቴን ከፋ ላድርግ" አለና አኮማተረ። "ለመታረቅ ስጠየቅ እምቢ ልበል መጀመሪያ? ቶሎ እሺ ካልኩ ሟቹ ይናቃል።"

"ጋሽ ክፍሌ፣ ፎቶ ብቻ ነው።"

"ፎቶም ቢሆን ክብር አለው።"

ናስራ ገብታ ዓይኗን አንዴ በክፍሉ አዞረች። ጂግጂጋ ያደገ ሰው የጎጃም ፊት ከሶማሌ ፊት ይለያል። ዋሊድን አየችው። ዋሊድ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ናስራ ካሜራውን አብሯት ለመጣው ፎቶ አንሺ አቀበለችና "እጅ ለእጅ ተያያዙ" አለች። ክፍሌ ዕንባው ሊመጣ ትንሽ በቀረው ስሜት የታችኛውን ጉድጓድ ይቅር አለ።

ፎቶው ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ "ለረጅም ዘመን የቆየው ደም በባሬ ሻይ ቤት ታረቀ። ግድግዳው ፈረሰ፣ ልብ ለልብ ተገናኘ።"

ሀርጌሳ ውስጥ ፎቶ አይጠፋም። የላይኛው ጉድጓድ ልጆች ገበያ ውስጥ አይተውት ለቡራሌ አሳዩ። የታችኛው ጉድጓድ ልጆች ለዋይስ አሳዩ። ጠዋት ላይ ሁለት የጭነት መኪና ሙሉ ሰው ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። ዋሊድ ለአንድ አፍታ፣ ሰው መምጣቱን ብቻ አይቶ ደስ አለው።

ቡራሌ ከመኪናቸው አልወረዱም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረጉ። ዋይስ ወርደው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ከአንድ የግራር ዛፍ ጀርባ ተቀመጡ።

"አንተ ልጅ" አሉ ቡራሌ፣ ስልኩን በመስኮት አውጥተው እያሳዩ፣ "ይህ በእኔ ስም ደም ይቅር ያለው ማነው?"

ዋሊድ አየ። "ክፍሌ ነው፣ አዴር።" አዴር የሽማግሌ መጠሪያ ነው፤ አጎቴ እንደማለት።

"የማን ልጅ ነው ክፍሌ?"

"ግንበኛ ነው።"

"ግንበኛ" አሉ ቡራሌ ለራሳቸው። "ለግመሏ ስንት ዘመን ስንከራከር፣ ግንበኛ አንድ ጠዋት ላይ ለቀቃት።"

ከዛፉ ኋላ የዋይስ ድምፅ ተሰማ። "የኛንስ እጅ የጨበጠው ማነው? ጢሙን ሳየው ያሳፍረኛል።"

ክፍሌ ከቤቱ ጀርባ ሆኖ ጢሙን በእጁ ሸፈነ።

ሁለቱም ወገን የፈለጉት አንድ ዓይነት ነበር። ፎቶው ይወገድ፤ ግድግዳውም ይመለስ። እስከ ዛሬ በምንም ጉዳይ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ዋሊድ ናስራ ጋ ደወለ፤ ፎቶውም ተነሳ። ግድግዳው ግን እንደ ፎቶ አልቀለለም። ክፍሌ ምድጃውን አፍርሶ ድንጋዩን አመጣ፤ መለኪያ ገመዱን ዘረጋና "የት ጋ ልጀምር?" አለ። ያኔ ነገር መጣ። ድሮ የነበረው ግድግዳ የት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን በተለያየ ቦታ ያውቀዋል። ክፍሌ ከጣሪያው ላይ ምልክት ፈልጎ አጣ፤ ጣሪያውን ራሱ ስለቀየረው። አያት ባሬ ግድግዳውን ማንንም ሳያማክሩ ያቆሙት ሰው ስለነበሩ መሀሉ የት ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። አሁን ግን መጠየቅ ግድ ሆነ። የሚጠየቁት ደግሞ የማይተያዩ ሰዎች ናቸው።

"በድምፅ ይሁን" አሉ ቡራሌ ከመኪናው። "ግን ግድግዳ የለም። ለማን እናወራለን?"

 ከዚያ ዋይስ ከዛፉ ኋላ "ያፈረሰው ይቁም" አሉ።

ዋሊድን ክፍሉ መሀል ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቡራሌ በላይኛው በር ገብተው ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። ዋይስ በታችኛው በር ገብተው ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ።

"አንተ ግድግዳ" አሉ ቡራሌ፣ "ድሮ ከመስኮቱ እስከ አንተ ስድስት ሰው ይቀመጥ ነበር በላቸው።"

"ግድግዳው ሆይ፣ ያኔ ሰዎቻቸው ቀጫጭን ስለነበሩ ነው በል።"

ዋሊድ አፉን ከፈተ። "እኔ እኮ እንደሚመስለኝ..."

"ግድግዳ አይናገርም" አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

ዋሊድ ዝም አለ። ዝም ብሎ እስከ አስር ሰዓት ተቀመጠ። ነገሩ ለማግስቱ ተላለፈ፤ ከዚያም ለሌላው ቀን። ቀጭን የነበሩት ሰዎች ስም እየተጠራ ተቆጠረ፤ አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዱ ሚኒሶታ ነው፤ በስልክ ምን ያህል ቦታ ይይዝ እንደነበር ተጠየቀ። ሰው በየቀኑ እየበዛ መጣ፤ ከላይም ከታችም። ሸዋዬ ሻይ ማፍላት አቅቷት ሁለት ሴቶች ከአያሃ አስመጣች። ሜዳው ላይ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። ዋሊድ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቤቱ ሙሉ መሆኑን ያያል፤ መዞር ግን አይፈቀድለትም። አንዴ አፍንጫውን ስላከከ ቡራሌ "ግድግዳው ወደ ታችኛዎቹ አዘነበለ" ብለው ተቃውሞ አቀረቡ።

መስመሩ ላይ ስምምነት የተደረሰው ከአረፋ በኋላ፣ ቤተሰቡ በሚሰበሰብበት ቀን ጠዋት ነው። አርዶ ከሀርቢ ጋር ስትደርስ ክፍሌ የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀምጦ ነበር። አርዶ ከአንዱ በር አየች፤ ከሌላውም አየች። ዓይኗ ረጠበ። ሀርቢ ዙሪያውን ተመለከተና ይዞት የመጣውን ሜትር ወደ ኪሱ መለሰ።

"ቤቱ ሰው ይገባበታል" አለች አርዶ። "እንግዲህ..."

"አንድ ነገር ቀርቷል" አሉ ቡራሌ ለዋሊድ፣ ማለትም ለግድግዳው። "ግድግዳውን ያፈረሰው ሰው ለነሱ ወገን ብሎ ነው ያፈረሰው፤ መስኮታቸው ላይ ብርሃን እንዲገባ።"

"ግድግዳው ሆይ፣ ለነሱ ብሎ ነው እንጂ" አሉ ዋይስ፣ "ምድጃው በማን ጥግ ነበር?"

"እንግዲያው በዚህ ተስማምተናል" አሉ ቡራሌ። "ባሬ የማንም ወገን አልነበረም። ይህ ልጅ ከነማን እንደሆነ አናውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቤቱን እሱ ከያዘው አንገባም። በላቸው።"

"የኛም ቃል ይኸው ነው በላቸው" አሉ ዋይስ።

የሚገርመው ሽማግሌዎቹ ሌላ ሰው ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከሁለቱም መስኮት እኩል ሻይ የሰጠች፣ በሁለቱም ወገን ቀልድ እኩል የሳቀች፣ የማንም ዘመድ ያልሆነች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሸዋዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

"እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ክርስቲያንም ነኝ" አለች በገበያ ሶማልኛዋ።

"ለዚያ ነው" አሉ ሁለቱም ሽማግሌዎች።

"ፍየሉን የሚባርከው የናንተ ሰው ነው። ሻዬን ማንም አይነካም። ክፍሌ እዚህ ሽርጥ አይለብስም።"

ተስማሙ።

አርዶ ዋሊድን ወደ ውጭ ወሰደችው። ቁልፉን እጇ ውስጥ ታገላብጠው ነበር። በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ ቁጣ ግን አልነበረባትም።

"አሁንም ያንተ ላደርገው እችላለሁ። ቃሌ ነው። ግን ባዶ ቤት ይሆናል።"

ዋሊድ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ሰማ። ግድግዳው ገና ጉልበት አልደረሰም፤ ሰዎቹ ግን አንገታቸውን አቀርቅረው ለድንጋዩ ማውራት ጀምረዋል። ስለ ዝናብ ነበር። ዋሊድ የሚለው ብዙ ነገር ነበረው፤ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ቅርስ፣ እዚያ ስለነበረው ቤት። አንዱም ከአፉ አልወጣም። ወንበሩ ላይ ብዙ ቀን ዝም ማለት ለምዶ ነበር።

"ለሸዋዬ ስጫት" አለ።

ክፍሌ ግድግዳውን እስከ ጣሪያ አደረሰው። ዋሊድ በነጋታው ሻይ ሊጠጣ መጣና ሁለቱ በሮች ፊት ቆመ። በላይኛው ቢገባ የላይኛው ነው ይባላል፤ በታችኛው ቢገባ የታችኛው። ትንሽ ቆይቶ ከቤቱ ጎን፣ ከተረፉት ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። ሸዋዬ በኋላ በር ወጥታ አንድ ብርጭቆ ሰጠችው፤ አስተያየት ሳትጨምር፣ ይህም ከእሷ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

አንድ ከብት የጫነ መኪና ቆመ። ሹፌሩ አቧራውን እያራገፈ ወርዶ ሁለቱን በሮች አየ፤ ከዚያ ዋሊድን።

"በየትኛው ነው የሚገባው?"

"የማን ወገን ነህ?" አለ ዋሊድ። ይህን ቃል ሲናገር ራሱን ሰማውና ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ።

"ከቡርዖ ነኝ። እዚህ ማንንም አላውቅም።"

"እንግዲያው ከእኔ ጋር ተቀመጥ።"

ሹፌሩ ሌላ ድንጋይ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ መኪና ቆመ፤ ያኛውም ሹፌር ከሩቅ ነበር። ሸዋዬ ትሪ ይዛ ብቅ አለችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"እዚህ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ልትከፍትብኝ ነው?"

"ዝም ብለን ተቀምጠን ነው፣ እትዬ ሸዋዬ" አለ ዋሊድ። ዓይኑ ግን ከቤቱ ጥግ እስከ ግራሩ ዛፍ ያለውን ስፋት መለካት፣ ጣሪያው በቆርቆሮ ይሻላል ወይስ በሳር ማለት ጀምሮ ነበር።